የሥራ መጠየቂያ ወረቀታችን ስለ እኛ ምን ይናገራል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ ዕውቀት ታላቅነት ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች በዚህ በዓል ላይ ተናግረዋል። ለእኔ የተሰጠኝ ጊዜ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ከዚያ ሁሉ ያነሰ የሚመስል፥ ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ የብዙዎቻችንን በር የሚያንኳኳ አንድ ጉዳይ መርጫለሁ። ይኸውም ሥራ ለመጠየቅ የምንጽፈው ወረቀት፥ ማለት ማመልከቻውና ዛሬ በተለምዶ ሲቪ የምንለው የትምህርትና የሥራ ታሪካችን ዝርዝር፥ እንዴት እንደሚጻፍና እንዴት እንደሚላክ፥ ይልቁንም በምን በምን ስሕተት ምክንያት ሳይነበብ እንደሚጣል ነው።

ጉዳዩ ትንሽ ነው የሚል ቢኖር አንድ ነገር ላስታውሰው። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ከፍ አለ ቢባል እንኳ ከመቶ 5.4 ነበር። ከቀሩት አንዳንዶቹ በአቅም ማሻሻያ ትምህርት፥ አንዳንዶቹም በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ በኩል መንገድ አግኝተዋል፤ ሌሎች ብዙዎች ግን በቀጥታ ወደ ሥራ ፍለጋ ነው የወጡት። ዩኒቨርሲቲ የገባውም ቢሆን ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ከዚያው መንገድ ላይ ይደርሳል። እንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ቀን ይህን ወረቀት የማይጽፍ ተማሪ ጥቂት ነው።

በቀድሞው ዘመን ሹመት ወይም ሥራ የሚፈልግ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ከጌታው ግቢ በር ላይ ቆሞ ወራት፥ አንዳንዴም ዓመታት ይጠብቃል፤ ጌታው ሲወጣና ሲገባ ቁመናውን፥ አነጋገሩንና ትዕግሥቱን ያያል፤ የሚያውቀው ሰውም «ይህ ልጅ ጨዋ ነው» ብሎ ይመሰክርለታል። በእኛ ዘመን ደጅ የሚጠናልን ወረቀታችን ነው። እኛ ከቤታችን ተቀምጠን ሳለን ወረቀቱ ብቻውን ሄዶ ከማያውቀን ሰው ፊት ይቆማል። የጎደለውን ተነሥተን ልንሞላለት፥ የተሳሳተውንም «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ብለን ልናርምለት አንችልም።

ይህን ስል ከመካከላችሁ «ሥራ በዘመድ ነው፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ብሎ በልቡ የሚያስብ እንዳለ ዐውቃለሁ። ይህን የሚሉ ሰዎች ያዩትን ነው የሚናገሩትና ሐሰተኞች ናቸው አልልም። ነገር ግን ዘመድ ያለው ሰው ወረቀቱ ቢበላሽ ዘመዱ ያቃናለታል፤ ዘመድ የሌለው ሰው ወረቀቱ ሲበላሽ ግን ማን ያቃናለታል? አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ስሜን የሚያነሣልኝ አጎት የለኝም። ብዙዎቻችሁም እንደ እኔ ናችሁ። ስለዚህ ወረቀትን አስተካክሎ መጻፍ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ለእኛው ነው። ሰው ለሌለው ሰው ወረቀቱ ዘመዱ ነው፤ ዘመድነቱም የሚጠቅመው እውነተኛና አንደበቱ የታረመ ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ስሕተቶቹ ልግባ።

አንደኛው ስሕተት ብዕር ከመነሣቱ በፊት የሚፈጸም ነው፤ ይኸውም ማስታወቂያውን አጥርቶ አለማንበብ ነው። የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ አጭር ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ መሥመር ትእዛዝ ነው። «ተፈላጊ የትምህርት ደረጃ»፥ «የሥራ ልምድ»፥ «ብዛት»፥ «የሥራ ቦታ»፥ «የምዝገባ ጊዜ» እያለ ይዘረዝራል። «የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ቅረቡ» ሲል ሁለት ነገር ነው ያዘዘው፤ ዋናው ለማመሳከሪያ ታይቶ ይመለሳል፥ ኮፒው ግን እዚያው ይቀራል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ኮፒውን ብቻ ይዞ ሄዶ ሳይመዘገብ ይመለሳል፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ ዋናውን እዚያው ትቶ ይመጣል። ዋናው ምስክር ወረቀት ከዓይናችን ሊርቅ አይገባውም።

እንደዚሁም «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ማለትና «10 ተከታታይ ቀናት» ማለት አንድ አይደሉም፤ በሁለተኛው አነጋገር እሑድም የበዓል ቀንም ይቆጠራሉ። ቆጠራውን ያወቀም ቢሆን የመጨረሻውን ቀን አይጠብቅ፤ መብራት የሚጠፋውና ኔትወርክ የሚቋረጠው ዘወትር በዚያ ቀን ይመስላልና። «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» የሚለውም ቃል በገንዘብ ያዥነትና በንብረት ጠባቂነት ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ዋስ የሚሆነን ሰው በደመወዙ ወይም በንብረቱ ስለ እኛ ይያዛልና በአንድ ሌሊት አይገኝም፤ አስቀድሞ ሄዶ መለመን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስሕተት የሰው ልብስ እንደ መዋስ ያለ ነው፤ የሌላውን ሰው ወረቀት የራስ አድርጎ ማቅረብ። በየፍርድ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አጠገብ ለማያነብ ሰው ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች ለብዙ ወገን ባለውለታ ናቸው። እነሱ ግን ባለጉዳዩን ጠይቀው ነበር የሚጽፉት። ዛሬ በየጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ በኮምፒዩተር ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሲቪ አለ፤ ስም ብቻ ተለውጦ ይታተማል። ከዚህ የተነሣ ከአንድ ቤት የወጡ ሃያ ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲደርሱ ሃያው ሰዎች ሁሉ «ታታሪ፥ ታማኝና ጫናን ተቋቁሞ የሚሠራ» ሆነው ይገኛሉ። አንዳንድ ጊዜም ከላይ የአመልካቹ ስም፥ ከታች የቀደመው ሰው ስም ሳይፋቅ ይቀራል፤ ወይም ለአንዱ ድርጅት በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ የሌላው ድርጅት ስም ይገኛል። እንግዲህ አንባቢው ማንን ይቅጠር? በእጁ ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ ማስተየቡ ነውር የለውም፤ ነገር ግን ቃሉን አስቀድሞ በገዛ እጁ በደብተር ላይ ይጻፈው፥ ከታተመም በኋላ ከመክፈሉ በፊት ቃል በቃል ያንብበው፥ ቢቻልም ለሁለተኛ ሰው ያስነብበው። የራሱን ስሕተት ዓይን አልፎት ይሄዳል፤ የሌላውን ሰው ስሕተት ግን ወዲያው ያያል።

ሦስተኛው ስሕተት በስም፥ በዘመንና በአድራሻ ላይ የሚደርሰው ነው። ይህ ስሕተት በተለይ እኛን ኢትዮጵያውያንን ያጠቃናልና ጥቂት ላብራራው።

የእኛ ስም የራስ፥ የአባትና የአያት ስም ነው፤ ከውጭ አገር የመጣ ቅጽ ግን «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። በአንዱ ቅጽ የአባቱን፥ በሌላው የአያቱን ስም የሚያገባ ሰው ከአንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ችግሩ ይበዛል። «ጸሐይ» ወይም «ቅድስት» የሚለውን ስም አምስት ሰው ቢጽፈው አምስት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ «ጸ» እና «ቀ» በዚያ ፊደል የራሳቸው መልክ የላቸውምና። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ በምስክር ወረቀታችን፥ በመታወቂያችንና በሲቪያችን ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል ይመሳሰል። ልዩነት ካለ ለማረም የሚሻለው ጊዜ ከትምህርት ቤት ሳንወጣ፥ የመዝገብ ክፍሉ ገና በቅርባችን ሳለ ነው።

ስለ ዘመንም እንዲሁ ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ በ7፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ በ8 ዓመት ያንሳል። በጥቅምት 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በእነሱ አቆጣጠር የ2007 ልጅ ነው፤ በየካቲት 2000 ዓ.ም. የተወለደው ግን የ2008 ነው። ሁለቱም ላይ በጅምላ 8 የሚደምር ሰው አንዱን ልጅ ዓመቱን ያሳስተዋል። ከዚህ የሚከፋው ሁለቱን አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ መቀላቀል ነው። አንድ ተማሪ 8ኛ ክፍልን በ2014 ዓ.ም. ጨርሶ 12ኛ ክፍልን በ2018 ዓ.ም. ፈጸመ እንበል። የመጀመሪያውን በእኛ አቆጣጠር፥ ሁለተኛውን በአውሮፓ አቆጣጠር 2026 ብሎ ቢጽፈው፥ አራት ዓመት የፈጀው ትምህርት አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀ ይመስላል። አንባቢውም «ይህ ልጅ ስምንት ዓመት የት ነበር?» ይላል፤ ልጁ ግን የትም አልነበረም፥ በክፍሉ ውስጥ ነበር። በአማርኛ ወረቀት ላይ ዓ.ም.፥ በውጭ ቋንቋ ወረቀት ላይ የአውሮፓን አቆጣጠር ከዳር እስከ ዳር ሳይቀላቅሉ መጠቀም ይገባል።

አድራሻን በሚመለከት አንድ በቤተ ዘመዳችን የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ለመጋዘን ጸሐፊነት አመልክቶ ነበር። አንድ ወር ጠብቆ ምንም ስላልሰማ ሊጠይቅ ሄደ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቱን አውጥታ «ሦስት ጊዜ ደወልን፤ የሚያነሣው ሌላ ሰው ነው» አለችው። ስልክ ቁጥሩ ላይ 4 መሆን የነበረበት 7 ሆኖ ተጽፎአል። ቦታው በዚያን ጊዜ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር፤ በማንም ላይ የሚያማርርበት ምክንያት አልነበረውም። አክስቴ እስከ ዛሬ ድረስ 7 ቁጥርን አትወድም። አሥሩን አኃዝ አንድ በአንድ እየነኩ ማንበብ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ወደ ውጭ አገር ለሚላክም ወረቀት 251 ሲጨመር የፊተኛው ዜሮ እንደሚወድቅ አይረሳ። የኢሜይል አድራሻም በስማችን የተሰየመ ይሁን፤ በልጅነት ጓደኞቻችን ለቀልድ ያወጡልንን ስም መቅጠር የሚፈልግ ሥራ አስኪያጅ የለም።

አራተኛው ስሕተት የሚያስፈልገውን ትቶ የማያስፈልገውን መጻፍ ነው። ለእኛ ዕድሜ ላለ ሰው አንድ ገጽ ይበቃል። ስምና አድራሻ ከላይ፤ ቀጥሎ ትምህርት፥ ከቅርቡ ተጀምሮ ወደ ኋላ፤ ቀጥሎ ሥልጠናና የተሠራ ሥራ፤ ቀጥሎ የሚናገሩትና የሚጽፉት ቋንቋ፤ በመጨረሻም ስለ እኛ ሊመሰክሩ የሚችሉ፥ አስቀድመው ተጠይቀው የፈቀዱ ሁለት ሰዎች። ሃይማኖትን፥ ብሔረሰብን፥ የጋብቻን ሁኔታና የወላጅን ኑሮ ቅጹ ራሱ ካልጠየቀ በቀር መጻፍ አያስፈልግም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በብሔር፥ በፆታ፥ በሃይማኖት፥ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ሕጉ የከለከለውን ሚዛን እኛው በእጃችን ለምን እናቀርባለን?

ከዚህ ቀጥሎ «የሥራ ልምድ የለኝም፤ ታዲያ ምን ልጻፍ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ወዳጆቼ ሆይ፥ ደመወዝ ያልተከፈለበት ሥራ ሁሉ ሥራ አይደለም ያለው ማን ነው? ከመካከላችን በቤተ መጻሕፍት ያገለገሉ አሉ፤ በሚኒ ሚዲያ ዜና የሚያነቡ፥ በቀይ መስቀል ክበብ የሠለጠኑ፥ ከትምህርት በኋላ በወላጆቻቸው ሱቅ ሒሳብ የሚይዙ፥ የሠፈር ልጆችን የሚያስጠኑ አሉ። ነገር ግን እነዚህን ሁሉ ይተዉና «ታታሪና ታማኝ ነኝ» ብለው ይጽፋሉ። ሰው ስለ ራሱ «ታታሪ ነኝ» ሲል ሰሚው ዝም ይላል። «በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሁለት ዓመት፥ በሳምንት ሦስት ቀን፥ የወጡትንና የተመለሱትን መጻሕፍት መዝግቤአለሁ» ሲል ግን ሰሚው ራሱ «ይህ ልጅ ታታሪ ነው» ይላል። ሙገሳውን ለአንባቢው እንተውለትና እኛ ሥራውን፥ ጊዜውንና ቁጥሩን እንጻፍ።

በዚህ ነገር ከታሪክ የምንማረው አንድ ምሳሌ አለ። ታላቁ የኢጣሊያ ሰዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1480ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የሚላኑን ገዥ ሉዶቪኮ ስፎርዛን ሥራ ለመጠየቅ የተዘጋጀ ደብዳቤ ነበረው፤ ረቂቁም እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ሰዓሊ ነውና በሥዕል ይጀምራል ብለን እንጠብቃለን፤ እሱ ግን እንዲያ አላደረገም። ገዥው ጦርነት የሚያሠጋው ሰው እንደ ነበረ ዐውቆ፥ ተነቃቅለው የሚጓጓዙ ድልድዮችን፥ ምሽግ የሚሰበርበትን መንገድ፥ መድፍንና ከለላ ያለውን ሠረገላ መሥራት እንደሚችል ቁጥር እየሰጠ ዘረዘረ። ሥዕልን የጠቀሰው ወደ መጨረሻው ነው። ከዚያም የሚጠራጠር ቢኖር በተግባር ለመፈተን ዝግጁ መሆኑን ገለጸ። እንግዲህ ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ወረቀታችን መጀመር ያለበት እኛን ደስ ከሚያሰኘን ሳይሆን አሠሪው ከሚያስፈልገው ነው፤ የጻፍነውንም ሁሉ ልንፈተንበት ዝግጁ መሆን አለብን።

ይህም ወደ አምስተኛው ስሕተት ያደርሰኛል። ከሌሎቹ ሁሉ የሚከፋው እሱ ነው፤ ውሸት። ውሸቱ ብዙ ጊዜ በትንሹ ይጀምራል። «የኮምፒዩተር ችሎታ፥ እጅግ ከፍተኛ» ብሎ ይጽፋል፤ በፈተናው ቀን ከመሣሪያው ፊት አስቀምጠው «ይህን ሰንጠረዥ ሥራልን» ሲሉት ጣቱ ይንቀጠቀጣል። «እንግሊዝኛ፥ በጣም ጥሩ» ይላል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ይህን እንኳ ቢያልፍ ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ስለሚፈቅድ፥ ያልነበረው ችሎታ በዚያ ጊዜ ውስጥ መገለጡ አይቀርም። «ጥቂት ዐውቃለሁ፥ ለመማርም ዝግጁ ነኝ» ብሎ የገባ ሰው ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ ይማራል።

ከትንሹ ውሸት ወደ ትልቁ መሻገር ደግሞ ሩቅ አይደለም። ውጤት መፋቅ፥ ያልሠሩበትን ድርጅት ማኅተም ማስቀረጽ፥ የትምህርት ማስረጃ መግዛት ሁሉ የአንድ መንገድ ደረጃዎች ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትንም ሆነ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገልን በወንጀልነት ይቀጣል። አሠሪዎችም ማስረጃውን ወደ ሰጠው ትምህርት ቤት ልከው ማጣራት ይችላሉ፤ ይህ ማጣራት ከቅጥር በኋላ ዓመታት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። በዚያን ጊዜ የሚጠፋው ሥራው ብቻ አይደለም። ዋስ የሆነው ሰው አለ፤ የመሰከረለት መምህር አለ፤ በልጁ የኮራ አባት አለ። ደግሞም ከዚያ ትምህርት ቤት ቀጥሎ የሚወጣው ተማሪ እውነተኛ ወረቀት ይዞ ሲቀርብ በጥርጣሬ ዓይን ይታያል። አንድ ሰው የዋሸው ውሸት የብዙዎችን ወረቀት ያረክሳል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለሲቪም ይሠራል።

ስድስተኛው ስሕተት የሚፈጸመው በአላላክ ላይ ነው። መልካም ወረቀት ጽፎ በመንገድ ላይ ማበላሸት እህልን አጭዶ ከአውድማ እንደ መተው ያለ ነው። በእጅ ወይም በፖስታ ለሚላከው፥ በፖስታው ላይ የሚጠየቀውን የሥራ መደብ ስም መጻፍ፥ ማስረጃዎቹን በቅደም ተከተል ማያያዝ፥ የላክነውንም ሁሉ አንድ ቅጂ ማስቀረት ይገባል። በኢሜይል ለሚላከው ደግሞ የመልእክቱ ርእስ ባዶ አይሁን፤ የሥራ መደቡ ስምና የእኛ ስም ይጻፍበት። መልእክቱ ውስጥ ምንም ቃል ሳይጽፉ አባሪ ብቻ መላክ፥ ሰላም ሳይሉ ወረቀት ወርውሮ እንደ መሄድ ይቆጠራል። በአንድ ጊዜ ለሠላሳ ድርጅቶች፥ ሠላሳው አድራሻ እየታየ የሚላክ መልእክትም ለማንም እንዳልተላከ ነው።

በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት የራሱ ችግር አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር በተዘጋጁ የፊደል ዓይነቶች የተጻፈ ጽሑፍ፥ ያው የፊደል ዓይነት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፉን በዩኒኮድ ፊደል መጻፍ፥ ከዚያም ፒዲኤፍ በሚባለው መልክ አድርጎ መላክ የተሻለ ነው፤ እኛ እንዳየነው ሆኖ ይደርሳልና። ማስረጃዎችንም በስልክ ስናነሣ በጠራ ብርሃን፥ ጥላ ሳያርፍበት፥ አራቱም ማዕዘን እየታየ ይሁን። ከመላካችን በፊት ለራሳችን ወይም ለጓደኛችን ልከን ከፍተን ማየት ብልህነት ነው።

ከተላከ በኋላም ሥራው አላለቀም። ለየት ባለ ደብተር ላይ የት፥ መቼ፥ ለየትኛው ሥራ እንዳመለከትን እንጻፍ፤ ተደውሎ «ከየት ነው የምትደውሉት?» ማለት ደግ አይደለምና። ሰዓትን በሚመለከትም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከውጭ ድርጅት በእንግሊዝኛ «9 ሰዓት ይምጡ» የሚል መልእክት ቢደርሰን፥ በእኛ አቆጣጠር ጧት 3 ሰዓት ማለት ነው። በእኛ 9 ሰዓት መስሎት ከምሳ በኋላ የሚሄድ ሰው ፈታኞቹ ተነሥተው ወንበሩን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። የሚያጠራጥር ከሆነ «ጧት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

በመጨረሻም ሥራ ፈላጊ ሁሉ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላ ወጥመድ አለ። በየስልኩ የሚሠራጩ አንዳንድ ማስታወቂያዎች «ለመመዝገቢያ ይህን ያህል ብር አስገቡ» ይላሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣውና ኢትዮጵያም በ1999 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው ቁጥር 181 ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት፥ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ድርጅቶች በመርሕ ደረጃ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይጠይቁ ይደነግጋል። ሥራ ሳይሰጥ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቀንን ሰው እንጠርጥር። የመታወቂያ ቁጥራችንን፥ የባንክ ሒሳባችንንና የይለፍ ቃላችንንም በሲቪ ላይ አንጻፍ፤ የተቀጠረ ሰው በቅጥሩ ቀን የሚሰጠውን ነገር ገና ላላየነው ሰው አንስጥ።

ክቡራን መምህራን ሆይ፥ አንድ ልመና አለኝ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብዙ ድርሰት ጽፈናል፤ የመጨረሻው ዓመት ከማለቁ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ማመልከቻና አንድ ሲቪ ጽፎ በቀይ እስክርቢቶ ታርሞ እንዲመለስለት ብታደርጉልን፥ ከማናቸውም የመሰነባበቻ ስጦታ ይበልጥብናል። ምስክር እንድትሆኑንም ስንለምናችሁ ያያችሁትን ብቻ መስክሩልን።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፥ ቁጥራችሁን በወረቀታችን ላይ ከጻፍን የማታውቁት ሰው ሲደውል አንሡልን፤ ስሙንና የደወለበትን ቦታ ጽፋችሁ አቆዩልን። የጎረቤት ልጅ በሐሰተኛ ወረቀት ሥራ ገባ ተብሎ ሲነገራችሁም በእሱ አታመዛዝኑን። እናንተ በቅን ላብ አስተምራችሁናልና በቅን ወረቀት እንድንቀጠር ታገሡን።

ጓደኞቼ፥ ደጅ ጥናት በአባቶቻችን ዘመን ትዕግሥትን ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬም ይጠይቃል። አሥር ቦታ ልከን ዘጠኙ ዝም ቢሉን ተስፋ አንቁረጥ፤ ነገር ግን አሥረኛውን ከመላካችን በፊት ደግመን እናንብበው። ስማችን በትክክል ተጽፎ፥ ዘመናችን ሳይደባለቅ፥ የሠራነው ሳይቀነስና ሳይጨመር የቀረበበት አንድ ገጽ፥ የልብስ ሰፊም የገበሬም የዘበኛም ልጅ ያለ አማላጅ ከየትኛውም ጠረጴዛ ፊት እንዲቆም ያስችለዋል። ሥራውን ባያገኝ እንኳ አንገቱን ሳይደፋ ይመለሳል።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።